ጎረቤት የሚከፍለው የኮሌጅ ክፍያና የእኛ «ገመና»

ባለፈው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግድም ስልኬ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚጮህ ስልክ መርዶ ይዞ ይመጣል እየተባለ ያደገ ሰው ነኝና ክው አልኩ። ደዋይዋ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ነበረች። ደግነቱ መርዶ አልነበረም።

«ጋሼ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ልጅቷ ለኮሌጅ የሚሆን ስኮላርሺፕ ልጠይቅ ብላ ፎርም እየሞላች ነው። ፎርሙ የእኔንና የአባቷን ገቢ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ሳይቀር ይጠይቃል። ብንጽፍ አንድ ቀን ጣጣ አያመጣብንም?»

«የመንግሥት ነው?» አልኳት።

«አይ፣ የካውንቲያችን ፋውንዴሽን ነው። የሞቱ ሰዎች ያስቀመጡት ገንዘብ ነው መሰለኝ።»

በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው ግን እህቴ ነገሩን በአጭሩ በደንብ እንደገለጸችው ገባኝ። ገንዘቡ በእርግጥም በአብዛኛው የሞቱ ሰዎች ያስቀመጡት ነው።

ለጥያቄዋ የሰጠሁት መልስ ረዥም አልነበረም። የምትጽፊው ቁጥር ለመንግሥት አዲስ ነገር አይደለም፤ ግብርሽን ስታስታውቂ አስቀድመሽ የጻፍሽው ነው። «ፋፍሳ» የሚባለው የፌዴራል መንግሥቱ የተማሪዎች ርዳታ ፎርም ራሱ፣ ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ወዲህ በወላጆች ፈቃድ የገቢውን ቁጥር በቀጥታ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ይወስዳል። ፋውንዴሽኑ ደግሞ መንግሥት አይደለም፤ የሚጠይቅሽ ሊሰጥ እንጂ ሊከስ አይደለም። ሊያስፈራሽ የሚገባው እውነተኛውን ቁጥር መጻፍ ሳይሆን የውሸት ቁጥር መጻፍ ነው አልኳት።

ጉዳዩ በዚህ ባበቃ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን ፎርሙንና ለፎርሙ የጻፈችውን ድርሰት በኢሜይል ላከችልኝ። እነዚያን ጥቂት ገጾች ሳገላብጥ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሳሁት። «አዲስ አበባ ተቀምጠህ ስለ አሜሪካ ካውንቲ ምን አገባህ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ከሆኑት መካከል በዚያ አገር ወንድም ወይም እህት፣ አክስት ወይም የልብ ጓደኛ የሌለው ስንት ነው? ከዚያም በላይ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ደጃችን ድረስ ይመጣል።

የባንክ ሰውየው ጭንቀት

«ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን» የሚባለው ተቋም የተወለደው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1914 በኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ፍሬድሪክ ጎፍ የተባለ ሰው ነው። ጎፍ ጠበቃ የነበረና በኋላ የክሊቭላንድ ትረስት ኩባንያ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ባንክ ሀብታሞች በኑዛዜ ለበጎ አድራጎት የተዉትን ገንዘብ በአደራ ይይዛል። ሰውየውን ያስጨነቀው ነገር ይህ ነው፤ ሟቹ ኑዛዜውን ሲጽፍ የነበረው ዓለም ይለወጣል፤ ኑዛዜው ግን አይለወጥም። የዚያ አገር የሕግ ሰዎች ይህን «የሙት እጅ» ይሉታል። የሞተ ሰው ከመቃብር ሆኖ ለሕያዋን ሊጠቅም በሚችል ገንዘብ ላይ ያዝዛል ማለታቸው ነው።

ለዚህ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው የብራያን ሙላንፊ ኑዛዜ ነው። የሴንት ሉዊስ ከተማ ከንቲባ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1851 ሲሞት፣ ከሀብቱ አንድ ሦስተኛው ወደ ምዕራብ ሊሰፍሩ ሲሄዱ በከተማዋ በኩል ለሚያልፉ ድሆች ስደተኞችና መንገደኞች መርጃ ይሁን ብሎ ተናዘዘ። በዘመኑ ብልህ ኑዛዜ ነበር። ሰው ቤተሰቡንና ንብረቱን በጋሪ ጭኖ በሚሰደድበት ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ ጽድቅ አይገኝም። ኋላ ባቡር መጣ፤ ጋሪው ቀረ፤ የሚረዳው መንገደኛ እየጠፋ ገንዘቡ ተከማቸ።

ጎፍ ያመጣው መፍትሔ ለሰሚው ቀላል ነው። የብዙ ሰዎች ስጦታ በአንድ ቋት ይጠራቀም። ገንዘቡን ባንክ ይያዘው፤ ትርፉ ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን ከከተማው ሕዝብ የተውጣጣ ኮሚቴ ይወስን። የሟቹ ዓላማ ጊዜ ካለፈበት ኮሚቴው ገንዘቡን ለዓላማው ወደሚቀርብ ሌላ ጉዳይ ያዙረው። በሌላ አነጋገር ገንዘብ ያዡና ወሳኙ ለየብቻ ይሁኑ፤ ሟቹም ይከበር፣ ሕያዋኑም አይታሰሩ። በሚቀጥለው ዓመት ቺካጎና ቦስተን ይህንኑ ተከተሉ። ዛሬ በአሜሪካ ከ700 በላይ እንዲህ ያሉ ፋውንዴሽኖች አሉ። በርካታ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ከተማና አካባቢዋ የራሳቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ብዙዎቹ ከሚሠሯቸው ሥራዎች አንዱ በአካባቢያቸው ላሉ ልጆች የኮሌጅ ስኮላርሺፕ መስጠት ነው።

ፎርሙ ምን ይላል?

አሠራሩን ሳጠና የገረመኝ ቅርበቱ ነው። ልጁ የሞተበት ቤተሰብ በልጁ ስም ፈንድ ይከፍታል። ጡረታ የወጣች መምህርት ካጠራቀመችው ቆንጥራ ታስቀምጣለች። የአካባቢ ክበብ መዋጮ ሰብስቦ ያስረክባል። እያንዳንዱ ፈንድ የራሱ መስፈርት አለው። አንዱ የአንድ ትምህርት ቤት ተመራቂ ብቻ ይላል፤ ሌላው ነርስ ለምትሆን፣ ሌላው ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ ለሚማር፣ ሌላው ከቤተሰቡ ኮሌጅ በመግባት የመጀመሪያ ለሆነ ልጅ ይላል። በብዙዎቹ ፋውንዴሽኖች ተማሪው አንድ አጠቃላይ ፎርም ይሞላል፤ ከዚያ ውስጥ የሚስማሙት ፈንዶች ይለዩለታል። የትምህርት ውጤት፣ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ፣ የቤተሰብ ገቢ መረጃና አጭር ድርሰት ይጠየቃል። ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት በክረምታቸው ወራት፣ ማለትም ከእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። የፈተና ውጤትና የኮሌጅ መልስ እስኪመጣ ልጠብቅ ያለ ይዘጋበታል። ገንዘቡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለተማሪው እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለኮሌጁ ይከፈላል።

መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ500 ዶላር እስከ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። «ይህችማ ምን ትሠራለች?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እነዚህ ወላጆች ልጆቻቸው በመላ አገሪቱ ስማቸው ለገነነ ትልልቅ ስኮላርሺፖች እንዲያመለክቱ ይገፋፋሉ። በዚያ የሚወዳደሩት ከሃምሳ ግዛቶች ከመጡ ጎበዞች ጋር ነው። ለአንድ ካውንቲ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ሙያ የተከለለ ፈንድ ግን ተወዳዳሪዎቹ የክፍል ጓደኞችና የሰፈር ልጆች ናቸው። ገንዘቡ ሲያንስ ወረፋውም ያጥራል። ሁሉም ጥቂት ነው ማለትም አይቻልም። በኢንዲያና ግዛት በሚገኙት 92 ካውንቲዎች ያሉ የአካባቢ ፋውንዴሽኖች፣ በሊሊ ኢንዳውመንት ገንዘብ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአራት ዓመት ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ የሚያገኙ ልጆችን ሲመርጡ ኖረዋል።

አንድ የሕግ ነጥብ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጡረታ ጥበቃ ሕግ በስሙ ጡረታ ይበል እንጂ በውስጡ ለበጎ አድራጎት የሚሆን ቁምነገር ይዟል። ሰጪው ምክር በሚሰጥበት ፈንድ ስኮላርሺፕ ሲታደል ተቀባዩን የሚመርጠውን ኮሚቴ የሚሾመው ፋውንዴሽኑ ነው፤ ሰጪውና ዘመዶቹ ኮሚቴውን በአብላጫ ሊቆጣጠሩት አይችሉም፤ ምርጫውም በግልጽና አድልዎ በሌለው መስፈርት መሆን አለበት። በአጭሩ ገንዘቤ ነውና የእህቴን ልጅ ልምረጥ ማለት የለም። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለምን አሁን?

የአሜሪካ ኮሌጅ ውድ መሆኑ አዲስ ዜና አይደለም። በ2024–25 የትምህርት ዘመን የግዛቱ ነዋሪ የሆነ ተማሪ በመንግሥት የአራት ዓመት ኮሌጅ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ በአማካይ 11,610 ዶላር ነበር። ማደሪያ፣ ምግብ፣ መጻሕፍት፣ መጓጓዣና ሌሎች ወጪዎች ሲጨመሩ ጠቅላላው ወደ 30 ሺህ ይጠጋ ነበር። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጠው የፌዴራል «ፔል» ድጎማ ጣሪያው በዚያው ዓመት 7,395 ዶላር ነበር። ቀሪውን ከየት ማምጣት ይቻላል?

ብዙ ወላጆች ክፍተቱን የሚሞሉት በስማቸው ከፌዴራል መንግሥት በመበደር ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙት የግብርና የወጪ ሕግ ለዚህ ብድር ጣሪያ አበጀለት። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ አያገኝም። ሕጉ ወላጆችን ከዕዳ ይጠብቃል የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውም ሚዛን የሚደፋ ነው። የእህቴ ዓይነቷ እናት ግን ጣሪያው ያስቀረባትን ገንዘብ ከሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርባታል።

ሌላም ነገር አለ። በዲቪ የሄደና ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው የፌዴራል ርዳታ ለመጠየቅ ብቁ ነው። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ወይም በጊዜያዊ ከለላ ያለ ሰው ግን ብቁ አይደለም። አንዳንድ የአካባቢ ፈንዶች ዜግነትን ሳይሆን በካውንቲው መኖርን ወይም በካውንቲው ትምህርት ቤት መማርን ይጠይቃሉ። በዚህ መካከል ላለ ልጅ ይህች ትንሽ ቀዳዳ ትልቅ በር ልትሆን ትችላለች። መስፈርቱ እንደየፈንዱ ስለሚለያይ ግን ማንበብ የግድ ነው።

«ገመናችንን አትጻፊ»

አሁን ወደ ድርሰቱ ልምጣ። የእህቴ ልጅ የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል፤ ታታሪ ተማሪ ነኝ፤ ሰው መርዳት እወዳለሁ፤ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። ጥፋት የለበትም። ሺህ ልጆች ሊፈርሙበት የሚችሉት ጽሑፍ ነው።

ደወልኩላትና «ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ምን ትሠሪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ወንድሟን ከትምህርት ቤት ትወስዳለች፤ እራት ታሞቃለች፤ የቤት ሥራውን ታሠራዋለች። እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ የማታ ፈረቃ ትሠራለች፤ አባቷ ታክሲ ይነዳል። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ የኪራይ ውል፣ የጤና መድን፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ እያነበበች ለወላጆቿ የምታስረዳው እሷ ናት። የጎረቤት አሮጊት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አስተርጓሚያቸው እሷ ናት። ነርስ ለመሆን የፈለገችውም አንድ ቀን ሐኪሙ የተናገረውን ቃል ለአሮጊቷ በአማርኛ ማስረዳት አቅቷት ያፈረች ዕለት ነው።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽም?» አልኳት።

«እማዬ ገመናችንን አትጻፊ አለችኝ» አለች።

ይህች አንዲት ቃል አእምሮዬ ውስጥ ቀረች። እህቴን አልወቅሳትም፤ ያሳደጉን ሰዎች አንድ ናቸው። ሰው ስለ ራሱ መናገር ነውር ነው፤ ማጀት ማጀት ሆኖ ይቅር፤ ችግርን ለባዕድ መንገር ራስን ማዋረድ ነው ተብለን ነው ያደግነው። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ነገር ግን ያው አማርኛችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሁለቱም ምሳሌያዊ አነጋገሮች የእኛ ናቸው፤ የትኛው የት እንደሚያገለግል ማወቅ ነው ቁምነገሩ። ገንዘቡን የሚያድለው ኮሚቴ እህቴን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የሰፈር ሽማግሌ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ወንድሟን እየጎተተች ስትመለስ በየቀኑ ያያት ነበር። ኮሚቴው ግን የሚያውቀው ወረቀቱ የነገረውን ብቻ ነው።

አንድ ሰው ተነስቶ፣ ልጆችን ችግራቸውን እንዲሸጡ ማስተማር አይሆንም ወይ? ቢለኝ ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ። በዚያው አገርም ብዙ ጊዜ ይነሳል። የደሃ ልጅ እንባውን ካልቸረቸረ ገንዘብ አያገኝም የሚለው ትችት እውነት አለበት። እኔ ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ግን ችግርሽን ጻፊ አይደለም፤ ሥራሽን ጻፊ ነው። የእናት ደመወዝ ማነስ በገቢው ሳጥን ውስጥ በቁጥር ተጽፏል፤ መድገም አያስፈልግም። ወንድምን ማሳደግና ለአሮጊት ማስተርጎም ግን ገመና ሳይሆን ሞያ ነው። እናቷንም ያሳመናት ይኸው ቃል ነው።

ለነገሩ የጥንቱ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል አያፍርም ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ልጅ ነበር። የመንደሩ ሰው ግን ቁራሹን የሚሰጠው ዘመዱ ስለሆነ ሳይሆን ተማሪ ስለሆነ ነው። ስንት ሊቅ በዚህ ቁራሽ ተምሮ ወጥቷል። ማኅበረሰብ የራሱ ያልሆነን ልጅ ማስተማሩ ለእኛ ባዕድ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ከፎርሙ የተማርኩት ሌላ ነገርም አለ። «በአካባቢሽ የሰጠሽው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ካለ ግለጪ» ለሚለው ጥያቄ ልጅቷ «የለም» ብላ ነበር። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት አገልግላለች፤ ሁለት ዓመት ትንንሾቹን አማርኛ ፊደል አስተምራለች። ይህ አገልግሎት ነው ብላ አላሰበችም፤ እናትና አባቷም አላሰቡም። ወገኖቻችን በዚያ አገር ብዙ ይሠራሉ፤ ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ፣ ለታመመ፣ ለሞተ፣ እዚህ ለተጎዳ ያዋጣሉ። የሚሠሩት ሁሉ ግን እርስ በርሳቸው ስለሆነ ካውንቲው አያውቃቸውም፤ እነሱም ራሳቸውን እንደ ካውንቲው ሰው አይቆጥሩም። ሃያ ዓመት ግብር ከፍለው እንግዳ ነን ይላሉ። ለአካባቢ ገንዘብ ማመልከት እኔም የዚህ ሰፈር ልጅ ነኝ ብሎ መፈረም ነው። ልመና አይደለም።

በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ

ልጅቷ ሦስት ፈንዶች ተስማሟት። ሁለቱ አልመረጧትም። አንዱ 2,000 ዶላር ፈቀደላት። ቤተሰቡ ተደሰተ። በግንቦት ወር ግን ልትገባበት የተቀበላት ከግዛቷ ውጭ ያለ የግል ኮሌጅ ደብዳቤ ላከ። ከራሱ ድጎማ ላይ በትክክል 2,000 ዶላር ቀንሷል። እህቴ በዚያው በሌሊት ሰዓት ደወለች፤ «በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ወሰደብን» አለች።

ይህ ብዙ ወላጆች የማያውቁት ወጥመድ ነው። ጠቅላላ ርዳታው ከተማሪው የገንዘብ ፍላጎት እንዳይበልጥ የፌዴራል ደንብ ስላለ፣ ኮሌጆች ከውጭ የመጣ ስኮላርሺፕ ሲነገራቸው አንድ ነገር ይቀንሳሉ። ጥያቄው የሚቀነሰው ብድሩ ነው ወይስ ድጎማው? የሚል ነው። ድጎማው ከተቀነሰ የተረዳው ተማሪው ሳይሆን ኮሌጁ ነው። የሟቿ ነርስ ወይም የጡረተኛዋ መምህርት ገንዘብ የኮሌጁን ካዝና ደገፈ ማለት ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ ይህን አሠራር በሕግ በመገደብ የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች፤ ጠቅላላ ርዳታው ከተማሪው ፍላጎት ካልበለጠ በቀር ኮሌጁ ድጎማውን ሊቀንስ አይችልም። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2022 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሆን ሕግ አወጣች። የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ግን ከግዛቱ ውጭ ያለና የግል ስለሆነ የሜሪላንድ ሕግ አይደርስበትም።

የሕግ መሣሪያ ሲጎድል ቀሪው መጠየቅ ነው። ልጅቷ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች፤ የተፈቀደላት ገንዘብ ከድጎማው ሳይሆን ከብድሯ ላይ እንዲቀነስ በትሕትና ጠየቀች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮሌጁ ተስማማ። ባትጠይቅ ኖሮ ማንም አይነግራትም ነበር። ኮሌጅ የሚመርጥ ቤተሰብ ሁሉ «ከውጭ ስኮላርሺፕ ባመጣ ከየትኛው ትቀንሳላችሁ?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሌላው መዘንጋት የሌለበት ነገር ግብር ነው። ለትምህርት ክፍያ፣ ለመጻሕፍትና ለግዴታ የትምህርት መሣሪያ የዋለ ስኮላርሺፕ ከግብር ነፃ ነው፤ ለማደሪያና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል።

እኛስ?

ይህን ሁሉ ሳጠና ደጋግሞ የመጣብኝ ሐሳብ የራሳችን እድር ነው። ጎፍ እ.ኤ.አ. በ1914 ገንዘብ የሚጠራቀምበትን ቋት ሲያስብ የአካባቢን ሰው እንዴት ላሰባስብ ብሎ መጨነቅ ነበረበት። እኛ ዘንድ የተሰባሰበ ሰው ሞልቷል። በየወሩ የሚያዋጣ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ ማን ምን እንደጎደለበት የሚያውቅ እድር በየሰፈሩ አለ። ጥሪቱ ግን በአብዛኛው ለቀብርና ለሐዘን ነው። የሞተን በክብር እንቀብራለን፤ ሟቹ ትቶት የሄደው ልጅ የኮሌጅ ክፍያ ጉዳይ የዘመድ ነው።

ሕግ አጣን ማለት አንችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 483 ጀምሮ አንድ ሰው ንብረቱን ለዘለቄታው ለሕዝብ ጥቅም የሚለይበትን መንገድ፣ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ደግሞ ንብረት በአደራ የሚተዳደርበትን ሥርዓት ደንግጓል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንትና የበጎ አድራጎት አደራ ማቋቋምን ይፈቅዳል። ከስድሳ ዓመት በላይ የተጻፈ ሕግ ይዘን የጎደለን ልማዱ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የፒያሳ፣ የካዛንቺስና የሌሎች ሰፈሮች ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውረዋል። ሰፈሩ ከተበተነ እድሩስ? አርባና ሃምሳ ዓመት የተዋጣ ገንዘብ ምን ይሁን? ይህ የሙላንፊ ጥያቄ ነው፤ መንገደኛው ቀርቶ ገንዘቡ ሲቀር ምን እናድርግ? ለአባላት ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው አንድ ወር የማያዘልቅ ነው። ከፊሉ በእድሩ ስም ለአባላት ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ፈንድ ቢሆን ግን ሰፈሩ ከካርታ ቢጠፋም ስሙ ይቀጥላል።

የሚፈልገው ልጅም ሞልቷል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። መሻሻል አለ፤ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ግን የሙያ ሥልጠናም ሆነ ሌላ መንገድ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በቤተሰቡ ኪስ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይታዩኛል። አንደኛው የዋጋ ንረቱ ነው፤ በቁጠባ ሒሳብ የተቀመጠ ብር በየዓመቱ ይሟሟል። ትክክል ነው። ገንዘቡ ኪራይ በሚያስገኝ ቤት ወይም በአክሲዮን ላይ መዋል አለበት፤ ለዚህም ባለሙያ ያስፈልጋል። ሁለተኛውና ከባዱ እምነት ነው። «የኮሚቴ ሰብሳቢው የራሱን ልጅ ይመርጣል» የሚል ስጋት። አንባቢ እንዲይዝልኝ የጠየቅሁት ነጥብ ለዚህ ነው። አሜሪካውያን ቅዱሳን ስለሆኑ አይደለም የተሳካላቸው። ገንዘብ ያዡን ከወሳኙ ለዩ፤ ሰጪና ዘመዱን ከኮሚቴው አብላጫ አወጡ፤ መስፈርቱን በጽሑፍ አደረጉት። ዘመዱ ያመለከተ ዳኛ ከችሎቱ ይነሳል የሚለውን መርህ እኛም ከፍርድ ቤት እናውቀዋለን። ወደ እድሩ ድንኳን ማምጣት ነው የቀረን።

በዚያ አገር ላሉትም የምለው አለኝ። ልጆቻችሁ ያመልክቱ፤ በኋላም እናንተ ስጡ። ለእኩብ የሚሰበሰብ ቡድን በሚኖርበት ካውንቲ ፋውንዴሽን ውስጥ በአንዲት እናት ስም ፈንድ ለመክፈት ሚሊየነር መሆን አይጠበቅበትም፤ የመነሻው ገንዘብ እንደየፋውንዴሽኑ ይለያያልና ሄዶ መጠየቅ ነው። በተራው የሌላ አገር ስደተኛ ልጅ በእናታችን ስም ቢማር ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ ምን አለ?

ከሰሞኑ ስልኬ እንደገና ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጮኸ። እንደለመድኩት ክው አልኩ። እህቴ ነበረች። «ጋሼ፣ የጎረቤቴ ልጅ ድርሰት ጽፋለች፤ አንድ ጊዜ ታይላታለህ?» አለችኝ። «ምን ብላ ጻፈች?» ብዬ ጠየቅኋት። «ታታሪ ነኝ ብላ ነዋ! ሥራሽን ጻፊ ብያታለሁ።»

ቸር እንሰንብት።